ከመገናኛ እስከ ሶፍ ዑመር፦ ውሃውን ተከትለን



መገናኛ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ከቦሌ፣ ከገርጂ፣ ከሃያ ሁለት፣ ከኮተቤ፣ ከሲኤምሲና ከአያት የሚመጣው ሕዝብ እዚህ ወርዶ ሌላ ታክሲ ይይዛል። በዚህ ሰፈር የሚያድግ ልጅ የመኪናን ዓይነት በድምፁ ይለያል፤ ወፍን ግን በድምፁ አይለይም። ውሃንም የሚያውቀው በቧንቧ ነው። ፈረቃው ሲደርስ በርሜልና ጀሪካን ይሞላል፤ ሲያልፍ ቧንቧው ትንሽ አየር ተንፍሶ ዝም ይላል። አንድ ቀን ምሽት ልጆቻችንን "ለመሆኑ ውሃ ከየት ይመጣል?" ብለን ጠየቅናቸው። ትንንሾቹ "ከሮቶው" አሉ። ትልልቆቹ አሰብ አድርገው "ከለገዳዲ" አሉ። ለገዳዲ ውስጥስ ከየት ይገባል? መልስ የለም።

ጉዞው የታሰበው ከዚህ ምሽት በኋላ ነው። ጥር ላይ፣ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመቱ እረፍት ሲዘጋ፣ በአንድ ሕንፃ የምንኖር ሁለት ቤተሰቦች ተስማምተን አንድ ሚኒባስ ከነሾፌሩ ተከራየን። አያታቸውን ጨምረን አሥራ አንድ ነበርን። ሦስት ድንኳን ያዝን፤ ሁለቱ የተዋስናቸው ናቸው፣ አንዱን ከመርካቶ ገዛን። ስንቁን አያታቸው አዘጋጁት፦ ድርቆሽ፣ ቋንታ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ተምር። ለሜዳ ጉዞ ከድርቆሽ የተሻለ ምግብ ገና አልተፈጠረም ብንል ማጋነን አይሆንብንም፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ትንሽ ውሃና በርበሬ ካገኘ ምሳ ነው።

ጎረቤት ሲሰማ ተገረመ። "ቤት ያለው ሰው ሜዳ ያድራል እንዴ?" ያሉን ነበሩ። በከሚሴ አካባቢ ያደጉት አያታቸው ግን "እኔ በልጅነቴ ከከብት ጋር ስንት ሌሊት ሜዳ አድሬ የለም እንዴ! እናንተ ናችሁ የኮንክሪት ልጆች" ብለው ነገሩን ዘጉት።

ባሕር ዳርቻ የለንም። ሌላ አገር ያለ ቤተሰብ መኪናውን ጭኖ በባሕር ዳር መንገድ እየነዳ ድንኳኑን አሸዋ ላይ ይተክላል። የእኛ ዳርቻ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ናቸው፤ ለልጆቻችንም ባሕር ብለን የምናሳያቸው እነሱኑ ነው። ስለዚህ መንገዳችንን በሐይቆቹ ጀምረን ወደ ባሌ ተራሮች ልንወጣ፣ ከዚያም ከተራራው የሚወርደውን አንድ ወንዝ ተከትለን ሶፍ ዑመር ዋሻ ድረስ ልንሄድ ወሰንን።

ሱብሒ ሰግደን ከመገናኛ ስንነሳ የታክሲው ሰልፍ ገና አልተጀመረም። በቀለበት መንገዱ ወርደን የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ቱሉ ዲምቱ ደረስን። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ከአራት ቀን በኋላ በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ከፍታ ላይ እንደምንቆም ነግረናቸው ልጆቹ አላመኑም። እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው በዚህ መንገድ ሞጆ ለመድረስ ብዙ አልፈጀብንም። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን መቂን አልፈን ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ ለምሳ ቆምን።

በጉዞ ላይ ስለ ሥጋ መጠየቅ የቤተሰብ ራስ ምታት ነው፤ ዓሣ ግን ጥያቄ የለበትም። ደምበል ሐይቅ ዳር ትኩስ ቆሮሶ በላን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ መስለው የዓሣ አጥንት ይጠብቃሉ። ትንሹ ልጃችን አንዱን "ጋሼ" ብሎ ጠራውና ሁላችንም ሳቅን።

ዙህርና ዐስርን አጣምረንና አሳጥረን እዚያው ሰገድን። ለመንገደኛ የተሰጠውን ይህን ገራገርነት ልጆቹ በመጽሐፍ እንጂ በተግባር አያውቁትም ነበር። ስለ ርቀቱና ስለ ቀናቱ በመዝሀቦች መካከል ያለውን ዝርዝር ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ዐሊም ብትጠይቁ መልካም ነው። ቂብላው ግን አላስቸገረንም። መካ ከአዲስ አበባም ከባሌም በስተሰሜን ስለሆነች፣ ጠዋት ፀሐይዋን በቀኝ እጃቸው በኩል አድርገው የቆሙ ልጆች ወደ ቂብላ ለመቅረብ ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ነው የሚቀራቸው። ትልቋ ልጃችን በሁለተኛው ቀን ኮምፓሱን ለወንድሟ ሰጥታው በፀሐይና በጥላ መለየት ጀመረች።

ላንጋኖ ስንደርስ ነፋሱ ተነስቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይበረታል፤ ማዕበሉም ልክ እንደ ባሕር ዳርቻውን ይመታል። ውሃው ቡናማ ነው። አያታቸው "ይሄ ቆሻሻ ነው" ብለው ልጆቹን ሊከለክሉ ነበር። ቀለሙን የሚሰጠው ግን በውሃው ውስጥ ሳይዘቅጥ የሚንሳፈፈው እጅግ የደቀቀ አፈር ነው። ድንኳኖቻችንን ለድንኳን በተከለለ ቦታ ግራር ሥር ተከልን። አንዱ ለሴቶች፣ አንዱ ለወንዶች፣ አንዱ ለአያታቸውና ለሕፃናቱ ሆነ። ብዙ እናቶች ስለ መታጠቢያና ስለ ሒጃብ ይጨነቃሉ፤ ከቤት ከማይወጡባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይህ ነው። እኛ በሁለት ግራሮች መካከል ገመድ ወጥረን ወፍራም አቡጀዲ ሰቀልንበት፤ ጀሪካንና ጆግ አስገባን፤ መታጠቢያ ቤት ሆነ። ሴቶቹ በጠዋት፣ ዳርቻው ባዶ ሆኖ ነፋሱም ሳይነሳ፣ ልብሳቸውን እንደለበሱ ውሃው ውስጥ ገብተው ፀሐይ ስትወጣ አዩ።

ለውሃ ያወጣነው አንድ ደንብ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት መዳፍ እፍኝ ያህል ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ይህ ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። ስለዚህ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ በብዕር መስመር አስምረን፣ እያንዳንዱ ሰው ውዱኡን ከመስመሩ በታች ባለው ውሃ እንዲጨርስ አደረግን። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም እግሩ ላይ ሲደርስ ውሃ አለቀበት። ቤት ቧንቧ ከፍተን ስንት ሊትር እንደምናፈስ ያን ጊዜ ነው የታየን። በሦስተኛው ቀን የሚያተርፍ ልጅ ተገኘ።

በነጋታው ወደ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ፓርኩ ለሐይቆቹ ወፎች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመ ሲሆን ከ887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋቱ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነበር። "ነበር" ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በመግቢያው ሰጎንና የሜዳ ፍየል አየን፤ ልጆቹ ጮኹ። ከዚያ ከጥበቃው ጋር ኮረብታው ላይ ወጥተን ሁለቱን ሐይቆች በአንድ እይታ አየን። ሻላ በእሳተ ገሞራ በተደረመሰ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ ጥቁር ሰማያዊ ውሃ ነው። አብያታ ግን ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጩ ውሃው መስሎን ነበር። ወርደን ስንረግጠው መሬት ነው፤ ጨው የለበሰ፣ ሲረገጥ የሚሰነጠቅ፣ ከሥሩ ጭቃ ያለው መሬት። ውሃው ገና ከፊታችን ሩቅ ነበር።

"የምንሄድበት ሁሉ ድሮ ሐይቅ ነበር" አለን ጥበቃው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አብያታ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ያጣበት ጊዜ ታይቷል። ውሃው የት ሄደ? ልጆቹ የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ መልሱንም እዚያው ጨው ላይ ቆመን፣ በዱላ መሬቱ ላይ እየሣለ ነገራቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመቂና የቀጣር ወንዞች ወደ ደምበል ይገባሉ። ደምበል ሞልቶ ሲተርፈው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይልካል። ላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል ትንሽ ያካፍለዋል። አብያታ ራሱ ግን መውጫ የለውም፤ የሰንሰለቱ የመጨረሻ ተቀባይ ነው፣ የሚኖረውም ከላይ ያሉት ጠጥተው በተረፋቸው ነው። ከላይ ደግሞ የመቂ መስኖ አለ፣ የባቱ የአበባ እርሻዎች አሉ፣ በየወንዙ ዳር ፓምፕ የተከለ ገበሬ አለ። በዳርቻው ያለው የሶዳ አሽ ፋብሪካም የሐይቁን ውሃ ስቦ በገንዳ እያተነነ ለዓመታት ሠርቷል። ውሃው ባነሰ ቁጥር ጨውነቱ በረታ፤ ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። ዓሣው ሲያልቅ በሻላ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ ወደ አብያታ እየበረሩ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ጨውን የሚችሉት ፍላሚንጎዎች ናቸው የቀሩት። እነሱንም በሩቅ እንደ ሮዝ ክር ተዘርግተው አየናቸው፤ ሱብሐነላህ፣ ውበታቸው ልብ ይሰብራል።

ትልቋ ልጃችን ዝም ብላ ከቆየች በኋላ "የመቂ ቲማቲም እኛ ከሾላ ገበያ የምንገዛው አይደለም?" አለች። ነው። ሽንኩርቱም ነው። አባቷ ሊመልስላት ፈልጎ ቃል አጣ። ገበሬው ጥፋተኛ ነው አይባልም፤ ልጆቹን ያበላበታል። በላተኛውም ሳይበላ አይኖርም። ግን ሐይቁ በእኛ ወጥ ውስጥ እንዳለ መገናኛ ላይ ቆሞ የሚያስብ ሰው ማን ነው?

ከፓርኩ ስንወጣ በአስፋልቱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ዋጋው ከመገናኛው በብዙ የረከሰ ነው። ሾፌራችን ሦስት ጆንያ ሊጭን ወረደ፤ አያታቸውም "እኔም አንድ" አሉ። ልጆቹ ተቃወሙ፤ ጥበቃው ያሳያቸው የተቆረጡ ግራሮች ገና ከዓይናቸው አልጠፉም። ክርክሩ ሞቅ አለ። ሾፌሩ "እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል" አለ፤ ይህ የሁላችንም የተለመደ መልስ ነው። በመጨረሻ አያታቸው ገንዘባቸውን መቀነታቸው ውስጥ መለሱና "ልጆቹ ይፍረዱ፣ እኔስ ስንት ዓመት ልኖር ነው" አሉ። ሾፌሩ አንድ ጆንያ ጫነ። ለሱ የከለከልነው የለም፤ መኪናው የሱ ነው።

ከሻሸመኔ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ ሲወጣ አየሩም፣ አለባበሱም፣ ቤቱም ይለወጣል። ፈረስ ላይ ጋቢ የለበሱ አባቶች ከሩቅ "አሰላሙ ዐለይኩም" ይላሉ። በየመንደሩ መስጂድ ስላለ የሶላት ቦታ መፈለጉም፣ የሥጋ ጥያቄውም በዚያው አበቃ።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መቀመጫ ናት። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ በ2023 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው ብርዱን በቁም ነገር ይውሰደው። ሌሊቱን ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን፣ ሕፃናቱን መሐል አስገብተን አደርን። ጠዋት የድንኳኑ ጣሪያ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል፤ ጀሪካኑም አፉ ላይ ስስ በረዶ ሠርቷል። ለውዱእ የሚሆን ውሃ በድስት ሞቀ። ከኮሶና ከጥድ ዛፎቹ መካከል የደጋ አጋዘኖች ወጥተው በድንኳኖቹ አጠገብ ሣር ሲግጡ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀመጡ። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም።

ለእኛ ግን የዲንሾ ትልቁ ነገር ወንዙ ነበር። ወይብ ይባላል። ከተራራው ወርዶ በዲንሾ አካባቢ ሲያልፍ ገና ልጅ ነው፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚቆጠርበት ውሃ። ትንሹ ልጅ የወረቀት ጀልባ ሠርቶ ለቀቀበትና "ሶፍ ዑመር እንገናኝ" አለው።

ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣው መኪና መንገድ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያደርሳል። ጭንቅላት ይከብዳል፤ አያታቸውንና ሕፃናቱን ከአንዱ እናት ጋር ጎባ ትተናቸው ነበር የወጣነው። አምባው ላይ ዛፍ የለም። ጅባራ ብቻ እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሞ ይታያል፤ በመካከሉ ትንንሽ ኩሬዎች ተበትነዋል። ልጆቹ ሲሮጡ መሬቱ ከእግራቸው ሥር እንደ ስፖንጅ ይለመጥጣል። ተራራው ዝናቡን እንዲህ ይዞ ያቆየውና ቀስ እያለ ለወንዞቹ ይሰጣል። በበጋ ቆላው ሲደርቅ ሚሊዮኖች፣ እኛ አገርም ሶማሊያም ያሉ፣ የሚጠጡት ከዚህ ማከማቻ ነው። በአምባው ላይ የከብቱም የቤቱም ቁጥር እየጨመረ እንደሆነ በዓይናችን አየን።

ቀይ ቀበሮም አየን። ፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍጥጦ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ እኛን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ቆየ። በዓለም የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዮቹም የሚኖሩት ባሌ ነው። ከጥይት ይልቅ የሚገድላቸው ከመንደር ውሾች የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከዚያ ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ወጣን፤ 4,377 ሜትር። ከክፍያ ጣቢያው ቱሉ ዲምቱ እስከዚህኛው ቱሉ ዲምቱ! ልጆቹ አሁን አመኑ። ነፋሱ ግን ፎቶ እንኳን አላስነሳንም።

ጁሙዓን ሮቤ ሰግደን፣ በማግስቱ በጎሮ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር ወረድን። ብርዱ ቀርቶ ሙቀት ሆነ፤ ሹራብ የለበሰው ሁሉ አወለቀ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ወደ ታች ስናይ ወይብ አለ፤ ያው የዲንሾው ልጅ፣ አሁን ሰፍቶና ደፍርሶ። ከፊቱ የኖራ ድንጋይ ተራራ ተጋርጦበታል። አልዞረውም። ሰንጥቆት ገባ።

ዋሻው ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የተለካ፣ በአገራችን ረጅሙ ነው። መግቢያው አዬው መኮ ይባላል፤ እንደሚተረከው በሼኹ ልጅ ስም ነው። ሼኽ ሶፍ ዑመር ከደረሶቻቸው ጋር እዚህ ተጠልለው ያስተምሩና ይሰግዱ እንደነበር የአካባቢው አባቶች ይናገራሉ። ስለ ዚያራና በዙሪያው ስለሚደረጉ ልማዶች በመካከላችን ያለው ክርክር የታወቀ ነው፤ እዚህ አንከፍተውም። እኛ የመጣነው ውሃው የሠራውን ለማየት ነው። መንገድ መሪያችን ባትሪውን ወደ ላይ ሲያበራ አምዶቹ ታዩ፤ አንዱ ከአንዱ ተያይዘው እንደ ትልቅ መስጂድ ጣሪያውን ተሸክመዋል። መዶሻ አልነካቸውም። ውሃ ነው፣ በአላህ ፈቃድ፣ ስንት ሺህ ዓመት እየላሰ የቀረጻቸው። ወንዙን በጉልበት ልክ ተሻገርን። ሴቶች ልጆች እየተያያዙ፣ ትንሹ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ። አያታቸው በሩ ላይ ቀርተው ነበር፤ ስንወጣ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው፣ ተስቢሓቸውን ይዘው አገኘናቸው።

ትንሹ ጀልባውን ፈለገ። አላገኘም። "አልፎ ሄዶ ይሆናል" አልነው። ከዚህ ወዲያ ወይብ ወደ ገናሌ ይቀላቀላል፤ ከዚያም ጁባ ተብሎ ሶማሊያን አቋርጦ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ድረስ ይወርዳል። ልጁ ይህን ሲሰማ "ስለዚህ ባሕር አለን" አለ፤ ማንም አላረመውም።

ለመሄድ የምታስቡ ቤተሰቦች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ምረጡ፤ በክረምት ወይብ ስለሚሞላ ዋሻው ውስጥ መሻገር አይቻልም። በዚህ መስመር በተለያዩ ዓመታት የጸጥታ ችግር ተከስቶ ስለነበር ከመነሳታችሁ በፊት የየአካባቢውን ሰዎችና የፓርኮቹን ጽሕፈት ቤቶች ጠይቁ። በድንኳን የምታድሩት ጥበቃ ባለበት በተፈቀደ ቦታ ብቻ ይሁን። ለዲንሾ ብርድ ልብስ አትቆጥቡ። ለዋሻው በነፍስ ወከፍ አንድ ባትሪ፣ ጫማም ውሃ የሚችል ያስፈልጋል። የመልሱ መንገድ በአሰላ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ በቆጂን፣ የነ ደራርቱንና የነ ቀነኒሳን አገር ታልፋላችሁ፣ ጠዋት ከሆነም በመንገዱ ዳር የሚሮጡ ልጆች አይጠፉም። የኛዎቹ በመስኮት አዩዋቸውና ሾፌሩ ቀስ እንዲል ለመኑት።